የመንታ እናት ለምን ተንጋላ ትሞታለች?

«የመንታ እናት ተንጋላ ሞተች» ይላል ያገራችን ሰው። ወደ አንደኛው ልጇ ፊቷን ብታዞር ሌላኛው ያኮርፍባታል፤ ወደዚያኛው ብትዞር ይኼኛው ይከፋዋል፤ ስለዚህ ምስኪኗ በጀርባዋ እንደተንጋለለች ጣሪያ ጣሪያ እያየች አረፈች ነው ነገሩ። ይቺን ተረት እኛ ከተሜዎች የምናውቃት ከመንታ ጋር በማይገናኝ ቦታ ነው። ሁለት አለቃ ያለበት የቢሮ ሠራተኛ ይተርታታል። ሚስቱና እናቱ መሀል የተቀረቀረ ባል ይተርታታል። ተረቷ ስለጣመችን ባለቤቷን ረሳናት። ለመሆኑ ያቺ ሴትዮ እውነት የሞተችው ልጆቿን ላለማስቀየም ነው?

ዛሬ ተረቱን ለተራቾች ትተን ሴትዮዋን እንከተል ብለናል። ማረፊያችን ደግሞ ዋጫ ነው። ዋጫን ለማታውቋት፣ በካፋ ዞን የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በቦንጋና በሚዛን አማን መካከል ትገኛለች። አካባቢው ከ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ነው። ካፋ ሲባል ለሁላችንም ቀድሞ ትዝ የሚለን ቡና ነው፤ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌርነት የመዘገበው ጫካ። ለጎብኚ ይኼ ሁሉ ውበት ነው። ምጥ ለያዛት ሴት ግን ያው ጫካ፣ ያው ዝናብና ያው ዳገት ሌላ ትርጉም አለው። ሆዷ ውስጥ ያሉት ሁለት ሲሆኑ ደግሞ ትርጉሙ ይከብዳል።

ዜናው መቼ ተሰማ?

የመንታን ታሪክ በአንድ ጥያቄ ጠቅልሉት ብንባል «ዜናው መቼ ተሰማ?» እንላለን። ለብዙ ሺህ ዓመታት መልሱ አንድ ነበር፤ ምጥ ላይ።

ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሰው ትዕማርን ያስታውሳል። መንታ መሆኑ የታወቀው ልትወልድ ስትል ነው። አንዱ ሕፃን እጁን ሲያወጣ አዋላጇ ቀድሞ የመጣውን ለመለየት ቀይ ፈትል አሰረችበት፤ እሱ እጁን መለሰና ሌላኛው ቀድሞት ወጣ። ቄሱም ሰባኪውም የፋሬስንና የዛራን ነገር ስለ ብኩርና ይተረጉሙታል፤ ትክክል ነው። የዛሬ አዋላጅ ነርስ ግን ስታነበው የምታየው ሌላ ነገር ነው። እጅ ቀድሞ መውጣት ማለት ሕፃኑ አግድም ተኝቷል ማለት ነው፤ ዛሬም ቢሆን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚያስሮጥ ጉዳይ ነው። ትዕማር መትረፏ ራሱ ታሪክ ነው።

እኛም አገር መንታ የክብር ስፍራ አለው። የአክሱሞቹን ወንድማማች ነገሥታት አብርሃንና አጽብሃን መንታ ናቸው የሚል ትውፊት አለ። ትውፊቱ ስለ ልጆቹ ብዙ ይነግረናል፤ እናታቸው እንዴት እንደተገላገለች ግን አያነሳም። ታሪካችን በጠቅላላው እንዲህ ነው፤ ልጆቹን ይቆጥራል፣ ምጡን ይዘላል።

ዜናውን ከምጥ ቀን ወደ ኋላ ለመግፋት የሰው ልጅ ብዙ ደክሟል። እ.ኤ.አ. በ1895፣ እኛ ለአድዋ ክተት በምናውጅበት ዓመት፣ አዶልፍ ፒናር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የፅንስ ልብ ምት የሚሰማበትን ጥሩምባ መሰል መሣሪያ ሠራ። ዛሬም በየጤና ጣቢያችን የምናየው፣ አዋላጇ አንዱን ጫፍ ሆድ ላይ ሌላውን ጆሮዋ ላይ የምትደግፈው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ሄሊን የሚባል ሐኪም ከ89 ወሊድ አንዱ መንታ ነው የሚል የስሌት ሕግ አወጣ። እንግዲህ ስሌቱም መስሚያውም ባንድ ዓመት መጣ ማለት ነው። ሁለት ልብ ለይቶ መስማት ግን የሠለጠነ ጆሮ ይጠይቃል፤ ሳይሰማ የሚያልፈውም ቀላል አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው ከመርከብ ሠሪዎቹ ከተማ ከግላስጎው የመጣ ሐሳብ ነው። ኢያን ዶናልድ የተባለ የማኅፀን ሐኪም ፋብሪካዎች የብረት ስንጥቅ የሚፈልጉበትን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ሰው ሆድ ላይ ሞከረው። ከባልደረቦቹ ጋር ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አልትራሳውንድ ያልነው ይኼንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዜናው ከምጥ በፊት ብዙ ወራት ቀድሞ መሰማት ቻለ፤ መሣሪያው ላለበት ሰው።

ልዕልቷም አልቀረላት

«መሣሪያው ላለበት» ያልነው ያለ ነገር አይደለም። በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ባገባች በወራት ውስጥ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ሞተች። መንታ ነበር አላልንም። ልብ እንድትሉልን የፈለግነው ሌላ ነው። ይቺ ሴት በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኝ ስመ ጥር የሕፃናት ሆስፒታል የሠለጠነች ነርስ ነበረች። እውቀትም፣ ማዕረግም፣ የንጉሥ አባትም ነበራት። ያልነበራት አንድ ነገር ነው፤ በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ቦታ የተሟላ ሆስፒታል። ለመታሰቢያዋ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ፤ ለሥራው ገንዘብ በማሰባሰብ ሲልቪያ ፓንክረስት ብዙ ለፍታለች። እ.ኤ.አ. በ1959 ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከአውስትራሊያ ተነሥተው የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነበር። ፌስቱላን ያዩት እዚህ ነው፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

የንጉሥ ልጅ እንዲህ ከሆነች የጨና ገበሬ ሚስትስ? ግምት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ አለ። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተካሄደው 5 ገደማ ብቻ ነበር፤ የእናቶች ሞት ደግሞ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች 871 ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተቋም ወሊዱ 26 በመቶ ደረሰ፣ ሞቱ ወደ 412 ወረደ። በ2011 ዓ.ም. የተቋም ወሊዱ 48 በመቶ ሆነ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይኼ ትልቅ መንገድ ነው። ከኋላው በየቀበሌው የጤና ኬላ ከፍተው ቤት ለቤት የዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ስፔሻሊስት በሌለበት ወረዳ ምጥ ላይ ላለች እናት ቀዶ ጥገና እንዲሠሩ የሠለጠኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አሉ። በመግለጫ ብዛት የመጣ ለውጥ አይደለም።

እርግማን ወይስ በረከት?

ዜናው ሳይታሰብ ምጥ ላይ የሚደርስ ከሆነ ሰው ትርጉም ይፈልግለታል። ከካፋ ወደ ደቡብ ርቆ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ በካራ፣ በሐመርና በበና ዘንድ «ሚንጊ» የሚባል ልማድ ነበር። መንታ ሆነው የተወለዱ ሕፃናት መዓት ያመጣሉ ተብለው ይወገዱ ነበር። ልማዱን ለማስቆም ሕፃናቱን እየሰበሰቡ ያሳደጉት የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው፤ የካራ ሽማግሌዎችም እ.ኤ.አ. በ2012 ልማዱን በይፋ አስቀርተዋል።

ይኼን ያነሳነው «አይ ኋላ ቀርነት» ብለን ለመሳለቅ አይደለም። በናይጄሪያ ዮሩባዎች ዘንድ መንታ የተከበረ ነው፤ ኢግቦ ኦራ የምትባለው ከተማቸውም በመንታ ብዛት በዓለም ትታወቃለች። በዚያችው ናይጄሪያ ካላባር ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1876 የመጣችው ስኮትላንዳዊት ሜሪ ስሌሰር የሚጣሉ መንትዮችን ስታነሳ ኖራለች። አንድ አገር፣ ሁለት ትርጉም። ሁለቱንም የወለዳቸው ግን አንድ ሐቅ ነው፤ መንታ እናትንም ልጆችንም ይዞ ሊሄድ የሚችል ከባድ ወሊድ ነው። አንዱ ፈራው፣ ሌላው ሰገደለት። መድኃኒቱ ግን ሁለቱም ዘንድ አልነበረም።

ሆድ ውስጥ የሚሆነው

በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ጥንድ መንታ ይወለዳል፤ ከ42 ሕፃናት አንዱ መንታ ነው ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ናቸው። ሁለት እንቁላል ለየብቻ ከፀነሰ እንደ ማንኛውም ወንድምና እህት የሚለያዩ መንትዮች ይሆናሉ። ይኼ ዓይነቱ በእናት ዘር ይሄዳል፤ በዕድሜ ገፋ ባሉና ብዙ በወለዱ እናቶች ዘንድም ይበዛል። አንድ እንቁላል ለሁለት ሲከፈል ደግሞ ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑት ይመጣሉ፤ ይኼኛው ዘርም አገርም አይመርጥም፤ ከሺህ ወሊድ አራት ገደማ ነው።

ሐኪሙ «ሁለት ናቸው» ብሎ ሲነግራችሁ ቀጥላችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ «ወንድ ናቸው ሴት?» መሆን የለበትም። «የእንግዴ ልጁ አንድ ነው ሁለት?» በሉት። አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንትዮች ደማቸው ሊዛባ፣ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ሊከሳ ይችላል፤ ስለዚህ ክትትላቸው ጠበቅ ይላል። ይኼ በደንብ የሚለየው ከ14ኛው ሳምንት በፊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሳ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ማቅለሽለሹ ሊበረታ ይችላል። ሆድ ከወሩ ቀድሞ ይገፋል። ደም ማነስ ይመጣል፤ ሁለት ልጅ ከአንድ ጎተራ ሲበላ ጎተራው ይጎድላል። የደም ግፊት አደጋው ከነጠላ እርግዝና በእጅጉ ይበልጣል፤ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከላይ ጨጓራ አካባቢ የሚሰማ ሕመም ከመጣ ዛሬ ነገ ሳይባል ጤና ተቋም ነው። የጊዜው ነገርም አለ። መዝገብ በሚገባ በሚያዝባቸው አገሮች ከግማሽ የሚበልጡት መንትዮች ከ37ኛው ሳምንት በፊት ይወለዳሉ፤ ሦስት ሲሆኑ በ33ኛው ሳምንት ገደማ። ስለዚህ «ዘጠኝ ወሯ ገና ነው» እያሉ ማዝገም ለመንታ አይሠራም።

ወደ ካፋ እንመለስ። የካፋ ማዕድ ዋናው ቆጮ ነው። ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው። ለሁለት ፅንስ ቦሎቄ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ አይብ፣ ሲገኝም እንቁላልና ሥጋ ያስፈልገዋል፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ሳይቋረጥ። ቡናስ? በቡና አገር ቡና ተዉ ብሎ የሚሰማው የለም፤ እኛም አንልም። ካፌን የምታበዛ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ግን ምክር አለ። በተለይ ደግሞ ቡናም ሻይም ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያስቸግሩ ከምግብና ከኪኒኑ ሰዓት ራቅ አድርጎ መጠጣት ነው። አቦሉን ማጣጣም፣ ቶናና በረካን ለጎረቤት መተው።

ከዋጫ እስከ ቦንጋ፣ ከቦንጋ እስከ ጅማ

እዚህ ላይ የታሪኩ እምብርት ደርሰናል። ዜናውን ቀድሞ ማወቅ ብቻውን አያድንም፤ የሚያድነው ቀድሞ መንቀሳቀስ ነው። ማሊያዊቷን ሐሊማ ሲሴን አስታውሱ። ሰባት ፅንስ ታይቶባት ከባማኮ ወደ ሞሮኮ ካዛብላንካ በአውሮፕላን ተላከች፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2021 በቀዶ ጥገና ዘጠኝ ልጆች ተገላገለች። ሁለቱ በአልትራሳውንድም አልታዩም ነበር! ዘጠኙም ተርፈዋል። ያዳናቸው ቆጠራው ትክክል መሆኑ አይደለም፤ ቆጠራው ተሳስቷል። ያዳናቸው እናቲቱ ከምጡ በፊት ሳምንታት ቀድማ ትክክለኛው ቦታ መገኘቷ ነው።

ለዋጫ አካባቢ እናት አውሮፕላኑ የለም። ደረጃው ግን አለ። ከቀበሌ ጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ዋጫ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ቦንጋው ገብረ ፃድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል፤ ነገሩ ከበረታ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅማ። በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ መሰላል ነው። ችግሩ የመጀመሪያው እርከን ላይ ለመድረስ በጭቃ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረቤት የሚያስፈልግበት መንደር መኖሩ ነው።

ባለሙያዎቹ እናትን የሚገድሉት ሦስት መዘግየቶች ናቸው ይላሉ፦ ለመሄድ ሳይወስኑ መቆየት፣ መንገድ ላይ መቆየት፣ ደርሶም ሳይታከሙ መቆየት። ሁለተኛውን ለመቅረፍ እዚሁ አገራችን ውስጥ ያለ ጥሩ ዘዴ አለ፤ የእናቶች ማቆያ ቤት። ጉራጌ ዞን ያለው የአጣጥ ሆስፒታል በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ጀምሮታል፤ በኋላ በየጤና ጣቢያው ተስፋፍቷል። ነገሩ ቀላል ነው፤ አደጋ ያለባት እናት ምጥ ሳይመጣ ሆስፒታሉ ጎን ትቀመጣለች፣ ቡናዋን ታፈላለች፣ ገንፎዋን ትበላለች፣ ቀኗን ትጠብቃለች። መንታ ላረገዘች ሴት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። እንቅፋቱ «ቤቱን ለማን ልተው?» ነው። ስለዚህ ማቆያ ቤቱ የሚሠራው ግድግዳው ስለቆመ ብቻ አይደለም፤ ባልየው ልጆቹን ይዞ ቤት ሲቀር፣ ጎረቤት ላሟን ሲያልብላት ነው።

ሁለተኛው ልጅ

ምጡ ደረሰ እንበል። የመጀመሪያው ልጅ በጭንቅላቱ ወደ ታች ከሆነ መንታ ሁሉ በቀዶ ጥገና ይወለድ ማለት አይደለም። በ25 አገሮች 2,800 ገደማ እናቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ቀድሞ የታቀደ ቀዶ ጥገና ለልጆቹ የተለየ ጥቅም እንዳላመጣ አሳይቷል። ልብ በሉ፣ ይኼ ግን ቀዶ ጥገና በደቂቃዎች ውስጥ ሊሠራ በሚችልበት ሆስፒታል ለምትወልድ ነው።

አደጋው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ሲወጣ ቦታው ስለሚሰፋ ሁለተኛው ሊዞር፣ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣ፣ የእንግዴ ልጁ ሊላቀቅ ይችላል። ቤት ውስጥ ግን ይኼ ሰዓት የእልልታ ሰዓት ነው። (ለወንድ ሰባት ለሴት ሦስት በሚባልበት አገር ለመንታ ስንት እንደሆነ ለሒሳብ ሊቃውንት ትተናል።) እልልታው መሀል ሆዱ እንዳልጎደለ የሚያስተውለው ማነው? ለዚህ ነው አዋላጅ ነርሶች አንድ ነገር እንደ ውዳሴ ማርያም የሚሸመድዱት፦ ደም የሚያቆመውን መርፌ ከመውጋትሽ በፊት ሆዷን ዳስሽ፣ ሌላ ልጅ እንዳለ አረጋግጪ። መርፌው ማኅፀንን ያኮማትራል፤ ውስጥ ያልታወቀ ልጅ ካለ ያፍነዋል። ይቺ የአሥር ሰከንድ ዳሰሳ ስንት ሰው እንዳተረፈች አስቡት።

ሁለቱም ወጡ። አሁን የእናቲቱ ተራ ነው። ለሁለት የተለጠጠ ማኅፀን ቶሎ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ደም ይፈስሳል፤ ብዙ፣ በፍጥነት፣ ለብርድ ልብሱና ለሰሌኑ ብቻ እየታየ። ተንጋላ የምትሞተው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ወደ ማንም ልጅ ላለመዞር ሳይሆን፣ ለመዞር አቅም አጥታ። መርፌው፣ የሚሰጥ ደምና የሚያስቆም እጅ አጠገቧ ካለ ግን ትዞራለች፤ ወደ ሁለቱም።

ከመጡ በኋላ

ታሪኩ ወሊድ ላይ አያበቃም። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ከሺህ መንትዮች 213ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ ከነጠላ ልጆች ግን 64 ገደማ። ከቀደሙት ዓመታት ሲታይ ሁለቱም ቀንሰዋል፤ የመንትዮቹ ግን በዝግታ። እድገቱ መንታን ወደ ኋላ እየተወ ነው ማለት ነው።

ትንንሽ ሆነው ለሚወለዱት ውድ ማሽን የማይጠይቅ መላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ፣ ማሞቂያ ያጠረው ሆስፒታል ሕፃናቱን ከእናታቸው ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አጣብቆ ማቆየት ጀመረ፤ የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናትም ይኼው ዘዴ ቶሎ ሲጀመር ብዙ ሕፃናት እንደሚያተርፍ አሳይቷል። ለመንታ ደግሞ ደረት ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱን እናት፣ ሌላውን አባት ወይም አያት። የእናት ጡት ሁለት ያጠባል፤ ወተቱ የሚመጣው በሚጠባው ልክ ነው። የምታጠባዋን ግን ማብላት፣ ውሃ ማቅረብና ማስተኛት የሌላው ሰው ሥራ ነው። አራስ ጥሪ ገንፎ በልቶ መሄድ ብቻ አይደለም ወገን! አንድ ሌሊት አንዱን ልጅ ታቅፎ ማደርም አራስ ጥሪ ነው።

እንግዲህ ተረቱን እናርመው። የመንታ እናት ተንጋላ የምትሞተው ልጆቿ ሁለት ስለሆኑ አይደለም፤ ሁለት ልጅ ይዛ ብቻዋን ስለምትቀር ነው። ከትዕማር አዋላጅ እስከ ግላስጎው መሣሪያ የሰው ልጅ የደከመው ዜናውን ቀድሞ ለመስማት ነበር፤ ያ ተችሏል። የቀረው ሥራ ከዋጫ ገጠር እስከ ዋጫ ከተማ ያለው መንገድ፣ ደም ባንክ የሚሞላ ክንድ፣ ማቆያ ቤቱ ውስጥ የሚነድ ምድጃና ቤት የሚቀር ባል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ከእኛ ከከተሜዎቹም እጅ አይርቁም። ክንድ አለን። ገጠር እህት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ ያለው ሰውም ስልክ አለው። ይደውልና ይጠይቃት፤ ሆድሽ ከወሩ ቀድሞ ገፍቷል ወይ? አልትራሳውንድ ታየሽ ወይ? ምጥ ሳይመጣ የት ልትቀመጪ ነው?